በማንዋል ስፖርት መኪና ላይ ሴኩዌንሻል ማርሽ መግጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሆንዳ ኤስ2000 መኪናዬን የማርሽ እጀታ በኪት (ለመቀየሪያ ተሟልቶ በሚሸጥ ዕቃ) ወደ ሴኩዌንሻል ከቀየርኩ ወዲህ፣ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሳይጠይቀኝ የወረደ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ግማሹ ሊገዛ ያሰበ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ገዝቶ ገና ከሳጥኑ ያላወጣው። የሚነሱት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሶቹን እዚህ አሰባስቤአለሁ።

ሴኩዌንሻል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሞተር ሳይክል የነዳ ሰው እግሩ ያውቀዋል። ማርሹ የሚገባው በተራ ነው፤ ከአንደኛ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ሦስተኛ። መዝለል የለም። ባጃጅም እንደዚያው ነው፤ ሾፌሩ የግራ እጁን መያዣ እየጠመዘዘ አንድ በአንድ ይወጣል፣ አንድ በአንድ ይወርዳል፤ የኋላ ማርሹ ደግሞ ለብቻው በሌላ እጀታ ይገባል።

የተለመደው ማንዋል መኪና እጀታ ግን ሁለት ሥራ አለው። መጀመሪያ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሄዶ መስመር ይመርጣል፤ ከዚያ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሄዶ ማርሹን ያስገባል። ሴኩዌንሻል እጀታ ይህን የግራና የቀኝ ጉዞ ከእጃችሁ ላይ ይወስደዋል። የሚቀርላችሁ መሳብና መግፋት ብቻ ነው። በውድድር መኪና ብዙውን ጊዜ ስትስቡ ማርሹ ይጨምራል፣ ስትገፉ ይቀንሳል። ምክንያቱ የሰውነት ነገር ነው፦ ነዳጅ ስትሰጡ ሰውነታችሁ ወደ ኋላ ይለጠፋል፣ ፍሬን ስትይዙ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ እጃችሁ ከሰውነታችሁ ጋር አብሮ ይሄዳል ማለት ነው።

ኪቱ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ይቀይራል?

አይቀይርም። ሰው ሁሉ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በገበያ ላይ «ሴኩዌንሻል» በሚል አንድ ስም የሚሸጡ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አሉ። አንደኛው ሙሉ ካምቢዮ ነው። እንደ እንግሊዞቹ ክዌይፍና ሂውላንድ፣ እንደ ፈረንሳዩ ሳዴቭ ያሉ ፋብሪካዎች ለውድድር የሚሠሩት፣ ጥርሱም መያዣውም ከፋብሪካው ካምቢዮ ጋር የማይገናኝ ዕቃ። ሁለተኛው የእጀታ ኪት ነው። የጃፓኑ ኢኬያ ፎርሙላ የሚታወቀው በዚህኛው ነው። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ካምቢዮ ሳይነካ ከላዩ ያለው እጀታ ብቻ ይነሳና በሌላ ይተካል። እዚህ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

ኪቱ ውስጥ ያለው ዋና ነገር ዙሪያውን ቦይ የተቆፈረበት ትንሽ ከበሮ ወይም ያንኑ ሥራ የሚሠራ ጠፍጣፋ ብረት ነው። እጀታውን አንድ ጊዜ ስትስቡ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚይዝ ጥርስ ከበሮውን አንድ እርምጃ ያዞረዋል። ቦዩ ውስጥ የተቀመጠችው ፒን ቦዩን ተከትላ ትሄዳለች፤ እሷም ወደ ካምቢዮው የሚገባውን ዘንግ ትነዳዋለች። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲሆን ቦዩ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ይስበዋል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሆን ግን ዘንጉን ከሁለተኛ ያወጣዋል፣ ወደ ጎን ያሻግረዋል፣ መልሶ ወደ ሦስተኛ ያስገባዋል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ስበት ነው። ስለዚህም ነው ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ስትሄዱ እጀታው ከሌሎቹ ከበድ የሚለው። ብዙ ሰው ይህን ክብደት ሲያገኝ «ዕቃው ተበላሽቷል» ብሎ ይደውላል። አልተበላሸም፤ አንድ ስበት የሦስት እንቅስቃሴ ሥራ እየሠራ ነው።

ማርሽ መቀየር ይፈጥናል?

እጃችሁ ይፈጥናል፤ ካምቢዮው አይፈጥንም።

የፋብሪካው ካምቢዮ ውስጥ ሲንክሮናይዘር የሚባል ቀለበት አለ። የሚገባው ማርሽና ዘንጉ የሚዞሩበት ፍጥነት እኩል እስኪሆን ድረስ እንደ ትንሽ ፍሬን እየተፋተገ ያመጣጥናቸዋል፤ እስኪመጣጠኑም በሩን ዘግቶ ይቆያል። ያን ጊዜ ማሳጠር የሚችል እጀታ የለም። እጀታውን በኃይል ብትስቡት ቀለበቱን ይበላዋል እንጂ በሩን ቶሎ አያስከፍተውም። በቪዲዮ የምታዩት ጠብ-ጠብ የሚለው የውድድር መኪና ማርሽ ሲንክሮናይዘር የሌለው፣ በትልልቅ ጥርስ የሚነካከስ፣ ዶግ የሚባለው ካምቢዮ ነው። ያንን ድምፅ ፈልጋችሁ የእጀታ ኪት የምትገዙ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ቅር ተሰኝተው ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ የገዙት ለፍጥነት ብለው ነበር።

ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?

የተሳሳተ ማርሽ አለማስገባቱ ላይ። ለእኔ ዋጋውን የሚያወጣው ይህ ብቻ ነው፤ በቁጥር ላሳያችሁ።

ኤስ2000 እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ፣ 1,997 ሲሲ የሆነው ሞተሩ እስከ 9,000 ዙር በደቂቃ ድረስ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ ነበር። የሁለተኛ ማርሹ ምጣኔ 2.045፣ የሦስተኛው 1.481፣ የአራተኛው 1.161 ነው፤ ምጣኔው በበለጠ ቁጥር ለዚያው ፍጥነት ሞተሩ ይበልጥ ይዞራል። በሦስተኛ ማርሽ 8,500 ዙር ላይ ናችሁ እንበል። ወደ አራተኛ ለመሄድ እጀታውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ መሳብ አለባችሁ። መኪናው ግን መታጠፊያ ላይ ነው፤ ሰውነታችሁ ወደ ግራ ተገፍቷል፣ እጃችሁም አብሮ። ከአራተኛ አጠገብ በግራ በኩል ያለው ሁለተኛ ነው። ሁለተኛ ገብቶ ፍሪሲዮኑን ስትለቁት ጎማዎቹ ሞተሩን ወደ 11,700 ዙር ገደማ ይነዱታል። የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ግን የሚያዞረው ነዳጁ ሳይሆን ጎማው ስለሆነ የሚያድን ነገር የለም። ቫልቮቹ ተመልሰው ለመዘጋት ጊዜ አጥተው ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ የምታወሩት ስለ ሞተር ለውጥ ነው።

ሴኩዌንሻል እጀታ ላይ ከሦስተኛ ስትስቡ ከአራተኛ ሌላ የሚመጣ የለም። ደክሟችሁም ይሁን ደንግጣችሁ፣ የራስ ቁርና ጓንት አድርጋችሁም ቢሆን፣ አራተኛ ነው።

ግን አንድ በር ክፍት ይቀራል። ማርሹን ከጊዜው በፊት ከቀነሳችሁ ኪቱ አይከለክላችሁም። በአራተኛ 8,000 ዙር ላይ ሆናችሁ ወደ ሦስተኛ ብትገፉት ሞተሩ ከ10,200 በላይ ይወጣል። ፍሬን ሳትይዙና ፍጥነት ሳትጥሉ ወደ ታች አትግፉ።

ፍሪሲዮን መርገጥ ይቀራል?

አይቀርም። ለእያንዳንዱ ማርሽ ትረግጣላችሁ። ወደ ታች ስትወርዱም እንደ ቀድሞው በተረከዝ ነዳጅ ነካ አድርጋችሁ ዙሩን ማመጣጠን ይጠቅማል፤ ሲንክሮናይዘሩ ያመሰግናችኋል።

ፍሪሲዮን ሳይረገጥ እንዲቀየር ሲሉ እጀታው ላይ የሞተሩን ኃይል ለቅጽበት የሚያቋርጥ ሴንሰር የሚጨምሩ አሉ። ያ ዘዴ የዶግ ካምቢዮ ነው። በሲንክሮናይዘር ካምቢዮ ላይ ስትጠቀሙበት መጀመሪያ የሚሠራ ይመስላል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ መጮህ ይጀምራሉ።

በፋብሪካ የተሠሩት «ሴኩዌንሻል ማንዋል» መኪኖችስ?

የቢኤምደብሊው ኤስኤምጂ፣ የቶዮታ ኤምአር2 ኤስኤምቲ፣ የፌራሪ 355 ኤፍ1 ሌላ ዘር ናቸው። እነሱ ውስጥ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠውም ማርሹን የሚያስገባውም ኮምፒውተር የሚያዝዘው የዘይት ግፊት ነው። የዚያ መንገድ ጀማሪ በጆን ባርናርድ የተነደፈችው የፎርሙላ 1 ፌራሪ 640 ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ናይጄል ማንሰል በመጀመሪያ ውድድሯ ብራዚል ላይ አሸንፎባታል። የእጀታ ኪት ኮምፒውተርም ሽቦም ግፊትም የለውም። ብረት ብቻ ነው፤ እኔም የምወደው ለዚህ ነው።

ለየትኛው መኪና ይሆናል?

በጣም የሚቀለው ሞተሩ ከፊት፣ የሚነዳው በኋላ ጎማ ለሆነና እጀታው በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ለተቀመጠ መኪና ነው። ኤስ2000ም የኒሳን ሲልቪያም እንዲህ ናቸው። መካከል ላይ ምንም ነገር ስለሌለ ከበሮው የሰጠው እንቅስቃሴ ሳይቀንስ ካምቢዮው ይደርሳል።

በፊት ጎማ የሚነዱና ሞተራቸው ከመቀመጫ ኋላ የሆኑት ላይ እጀታው ካምቢዮውን የሚያዝዘው ብዙውን ጊዜ በሁለት ኬብሎች ነው። ለእነዚህም ኪት አለ፤ ነገር ግን ኬብሉ ካረጀ ይለጠጣል፣ ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ይበላል፤ የተለጠጠችው ሁለት ሚሊ ሜትር ማርሹ ሙሉ በሙሉ እንዳይገባ ታደርጋለች። ኬብሎቹን አዲስ ሳታደርጉ ኪቱን አትግጠሙ።

ራሴ መግጠም እችላለሁ?

ቁልፍ መያዝ ለለመደ ሰው መፍታቱና ማሰሩ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማስተካከሉ ግን ሌላ ቀን ይወስዳል፤ የዕቃውን ዕድሜ የሚወስነውም እሱ ነው።

አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የመሃሉን ኮንሶል አንሡና በአሮጌው እጀታ እያንዳንዱን ማርሽ እስከ መጨረሻው አስገቡ። ዘንጉ የት ድረስ እንደሚሄድ ከማይንቀሳቀስ ቦታ ተነሥታችሁ በማስመሪያ ለኩና ጻፉት። ስድስት ማርሽና የኋላ፣ ሰባት ቁጥር ይወጣችኋል። ያ ወረቀት በኋላ ወርቅ ነው። አዲሱን ከገጠማችሁ በኋላ እንደገና ለክታችሁ ቁጥሩ ከወረቀቱ ካነሰ፣ ማርሹ በግማሽ ጥርሱ ብቻ ነው የያዘው።

እኔ ይህን አላደረግኩም ነበር። እጀታው በሁሉም ማርሽ ጠቅ እያለ ሲገባ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ከአውራ ጎዳና ስወጣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ነዳጁን ስለቅ እጀታው በራሱ ተፈናጥሮ ዜሮ ላይ ቆመ። ሳወጣው፣ እጀታው ከዚህ በላይ እንዳይሄድ የሚያቆመውን ቡሎን አለመጠን ወደ ውስጥ አጥብቄው ኖሯል። የከለከልኩት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። እጄ «ገብቷል» ብሎኛል፤ ጥርሱ ግን ጫፉ ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ያ ቡሎን በሁለቱም ወገን ጠላት ሊሆን ይችላል። አብዝታችሁ ካጠበቃችሁት ማርሹ ይዘላል። አብዝታችሁ ካላላችሁት ደግሞ የእጃችሁን ኃይል የሚሸከመው ብረት ይጠፋና ካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ይሸከመዋል፤ ሹካው ይጎብጣል፣ ይበላል። ትክክለኛው ቦታ ማርሹ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ክፍተት የሚቀርበት ነው። በመለኪያ ቢላ (ውፍረቱ በተጻፈበት ስስ ብረት) እየለካችሁ አስተካክሉ፤ ከዚያ የቡሎኑን መቆለፊያ ዳዶ አጥብቁ።

ቀጥሎ መኪናውን በአራት ማቆሚያ ላይ አንሡ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው የኋላ ጎማውን በእጁ እያዞረ እናንተ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ውጡ፣ መልሳችሁ ውረዱ። ቢያንስ ሃያ ጊዜ። አንድ ጊዜ እንኳ ከነከሰ ወይም ከዘለለ ሞተር አታስነሡ። መንገድ ላይ ስትወጡ ደግሞ ባዶ ቦታ ፈልጋችሁ በእያንዳንዱ ማርሽ ነዳጅ ስጡና በድንገት ልቀቁ። የሚዘል ማርሽ ካለ የሚታወቀው እዚያ ነው።

የሚረሱ ሁለት ነገሮች፦ ከእጀታው ሥር ያለውን ላስቲክ መልሱት፤ ካልመለሳችሁት ሙቀቱም ጩኸቱም ወደ ውስጥ ይገባል። የኋላ ማርሽ መብራት እንደሚበራም አረጋግጡ።

የካምቢዮ ዘይት መቀየር ያስፈልጋል?

ግዴታ አይደለም፤ ግን ቀይሩት። ኤስ2000 የሚወስደው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነው። የሚወርደውን ዘይት በንጹሕ ዕቃ ተቀበሉና ፀሐይ ላይ እዩት። የመዝጊያው ማግኔት ላይ ጥቁር ጭቃ ማየት የተለመደ ነው፤ ዘይቱ ውስጥ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካያችሁ ግን የሲንክሮናይዘር ናስ ነው። ካምቢዮው አስቀድሞ ደክሟል ማለት ነው፤ ኪቱን ከመግጠማችሁ በፊት እሱን አስጠግኑ።

በየቀኑ ለመንዳት ይመቻል?

ይቻላል፤ ይመቻል ግን አልልም። በአራተኛ እየሄዳችሁ ቀይ መብራት ቢይዛችሁ ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ ሦስቴ መግፋት አለባችሁ። መኪናው ከቆመ በኋላ መውረድ ስለሚያስቸግር ፍጥነቱ ገና እየቀነሰ ሳለ መውረዱን ልመዱ። በመጨናነቅ ሰዓት ያደክማል። ከስድስተኛ ወደ አራተኛ ዘሎ መምጣት፣ ከሁለተኛ ወደ አራተኛ ማለፍ፣ ማንዋል ነጂ ሳያስበው የሚያደርገው ነገር ሁሉ የለም።

ዜሮ ማርሽ የሚገኝበት ቦታ እንደ ኪቱ ይለያያል። የኋላ ማርሽ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የሚነሣ መቆለፊያ አለው፤ ወደ ታች ስትወርዱ በስህተት እንዳይገባ ነው። መቆለፊያ የሌለው ኪት ብታገኙ አትግዙት።

ሌላው ማርሹን ማወቅ ነው። የድሮው እጀታ ባለበት ቦታ ራሱን ይናገራል። ይኼኛው ሁልጊዜ መሃል ላይ ነው፤ በእጃችሁ ዳብሳችሁ ስንተኛ እንዳላችሁ አታውቁም። ስለዚህ የማርሽ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን ግጠሙ። ከከበሮው ጋር የሚዞር ሴንሰር ያለው ይሻላል፤ ከሞተር ዙርና ከጎማ ፍጥነት እያሰላ የሚያሳየው ዓይነት ፍሪሲዮን ስትረግጡ ይጠፋበታል፤ እናንተ ደግሞ ቁጥሩን የምትፈልጉት ያን ጊዜ ነው።

ገንዘብ ጨምሬ ሙሉ ሴኩዌንሻል ካምቢዮ ብገዛስ?

መኪናው የውድድር ብቻ ከሆነና ጥገናውን የምትችሉ ከሆነ እሱን ግዙ። ዋጋው ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ጥርሶቹ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብለው የተቆረጡ ስለሆኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያፏጫል፤ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ጮኾ ነው የሚያወራችሁ። የዶግ ጥርስ ጠርዙ ስለሚበላ በየተወሰነ ሰዓቱ ይፈታል፣ ይታያል፣ ይለወጣል። ለመንገድ መኪና አልመክረውም።

በዓመታዊ ምርመራ ላይ ችግር ያመጣል?

እንደ አገሩ ነው። ጃፓን ውስጥ ሻከን በሚባለው ምርመራ ላይ ማንዋል መኪና የማርሹን አቀማመጥ የሚያሳይ ሥዕል ሾፌሩ በሚያየው ቦታ ሊኖረው ይገባል። እጀታውን ቀይሮ ሥዕሉን ያልለወጠ በዚህ ብቻ ይወድቃል፤ ዳሽቦርድ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ወረቀት ትፈታዋለች። ጀርመን ውስጥ ከፋብሪካ ውጭ የተገጠመ ዕቃ የፈቃድ ወረቀት ይጠየቅበታል፤ ወረቀት የሌለውን መርማሪ አይቶ ማጽደቅ አለበት። ሌላ አገር ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት መርማሪውንም ኢንሹራንሳችሁንም ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። የምትወዳደሩ ከሆነ የምድባችሁን ደንብ አንብቡ፤ የእጀታ ለውጥ ምድብ የሚያስቀይርበት ቦታ አለ።

ያገለገለ ኪት ልግዛ?

እጃችሁ ላይ ሳታገላብጡት አትግዙ። ከበሮው ቦይ ውስጥ ጥፍራችሁን አስገብታችሁ ዳሩን ዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ፒኗ በልታዋለች። ከዚያ እጀታውን ሳይገጠም ያዙትና ሳትስቡት ግራና ቀኝ አወዛውዙት፤ የሚንቋቋ ከሆነ የተበላው ቡሽ (የእጀታው ማዞሪያ ውስጥ ያለው ቀለበት) ነው። ቡሽ ርካሽ ነው፣ ይለወጣል። የተበላ ከበሮ ግን መሃል መንገድ ላይ በሁለት ማርሽ መካከል ያስቀራችኋል።

አሮጌውን እጀታ ምን ላድርገው?

ቅባት ቀቡትና ከነቡሎኖቹ፣ ከነጓርኒሲዮኑ፣ ሰባቱን ቁጥር ከጻፋችሁበት ወረቀት ጋር በአንድ ከረጢት አስቀምጡት። ካምቢዮው ላይ የተቆረጠ ነገር ስለሌለ በግማሽ ቀን ወደ ነበረበት ይመለሳል። መኪናውን የምትሸጡ ቀን ገዢው የሚጠይቃችሁ ያንን ከረጢት ነው።